ላፕቶፔ እምቢ ያለኝ ዕለት

ስለ እኔ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ብነግራችሁ ይሻላል። ስሜ ሰናይት ነው። አፌ ፈጣን ነው፤ ቁጣዬም ከአፌ አይዘገይም። ሥራዬን ግን አውቃለሁ። አስተርጓሚ ነኝ፤ በእንግሊዝኛዬ ማንም አምቶኝ አያውቅም። ፈረንጁ ተናግሮ ሳይጨርስ እኔ አማርኛውን አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔና አባዬ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ሠራተኛው ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ማን አረፈደ፣ ሁሉም በእሱ ዓይን ሥር ነበር የሚያልፈው። እናቴ ካረፈች በኋላ እኔ ዘንድ ገባ። አእምሮው እንደ ምላጭ ነው፤ እግሩ ነው የከዳው።

በዚያን ጊዜ እኔ መሐል ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ጠዋት ታክሲ ተጋፍቼ እወጣለሁ፣ ማታ ተጋፍቼ እገባለሁ፤ አባዬ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ይውላል። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጦት ወደቀ። ስልኩ ሳሎን፣ እሱ ወለሉ ላይ። እኔ እስክመለስ ድረስ እዚያው ቆየ። እግዚአብሔር ይመስገን አጥንቱ አልተሰበረም፤ የታላቅ ወንድሜ የግርማ ትዕግሥት ግን የዚያን ቀን አለቀ።

ግርማ አዳማ ነው የሚኖረው። "ወይ ቀን ቀን አብሮት የሚውል ሰው ይኑር፣ ወይ እኔ ወስጄ አስቀምጠዋለሁ" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቱን ይወዳል። ነገር ግን እሱም ሚስቱም ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። አባዬ እዚያ ሄዶ ከግቢው ዘበኛ ጋር ሊውል ነው። ሙቀቱንም አይችለውም። ይህን ግን ለግርማ አይነግረውም፤ ለማንም አይናገርም። "እናንተ እንዳላችሁ" ይላል፣ አለቀ።

እኔም ከቤት ሆኜ የምሠራው ሥራ መፈለግ ያዝኩ። አገኘሁም። ውጭ አገር ያለ አንድ ድርጅት ነው፤ በኢንተርኔት ሐኪምና አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ መካከል ገብቶ የሚያስተረጉም ሰው ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፍኩ። የቀረኝ አንድ የቀጥታ ፈተና ብቻ ነበር፤ በእነሱ ፕሮግራም፣ በላፕቶፕ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ። በስልክ አይቻልም። ቀጠሮው ካለፈ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ የለም ብለው አስረግጠው ነግረውኛል። ከግርማ ጋር እንዲህ ተስማማን፦ ሥራውን ካገኘሁ አባዬ እኔ ጋ ይቀራል፤ ካላገኘሁ ቅዳሜ መኪናውን ይዞ ይመጣል።

ፈተናው ግንቦት ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ረቡዕ ማታ ሁሉን ነገር ሞከርኩት፤ ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ምስሉ ጥሩ ነው። ሐሙስ ከቢሮዬ ፈቃድ ወስጄ ነበርና ጠዋት ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ትቼ መካኒሳ አቦ ተሳልሜ ልመለስ ተነሳሁ።

"ፈተናሽ ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?" አለ አባዬ።

"ስምንት ሰዓት።"

"እንዳታረፍጂ።"

"አባዬ፣ ፈተናው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው እኮ!"

"ቢሆንም" አለ።

ከአቦ ስመለስ የታክሲው ሰልፍ አንገፍግፎኝ ነበር፤ ግን በቂ ጊዜ ይዤ ደረስኩ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ጥሩ ሸሚዝ ለበስኩ፣ ላፕቶፑን ወደ መኝታ ክፍሌ ይዤ ገባሁና ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈልኝ፦ መገናኘት አልተቻለም፣ የኢንተርኔት መስመርዎን ያረጋግጡ።

ዘግቼ ከፈትኩት። ያው። ላፕቶፑን አጥፍቼ አስነሳሁት። ያው። የዋይፋዩ ምልክት ጥጉ ላይ ተደርድሮ ይታየኛል፤ ተገናኝቷል ይላል። ተገናኝቶ የማይሠራ ምን ዓይነት ዋይፋይ ነው? ዋይፋዩን ከላፕቶፑ ላይ ሰረዝኩት፣ የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገባሁ። ተገናኘ። ፕሮግራሙ ግን መገናኘት አልተቻለም አለኝ።

ያን ጊዜ እትዬ ጫልቱ ትዝ አሉኝ።

እትዬ ጫልቱ በር ለበር ጎረቤቴ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ሳይታሰብ እዚህ አካባቢ ጤፍ ሲዘሩ ከኖሩት ቤተሰቦች ናቸው፤ ዛሬ ታች ሱቅ አላቸው፣ ከከተማው ወጣ ብሎም የሚያሳርሱት መሬት አላቸው። የዋይፋዩ ሳጥን የሚገኘው እሳቸው ሳሎን ነው፤ ሁለታችን ተጋርተን ነው የምንጠቀመው። በዚያው ሳምንት ደግሞ መተላለፊያው ላይ ባስቀመጡት የውሃ በርሜል ተጣልተን ነበር። በርሜሉን ገፋ አድርጌባቸዋለሁ። በቃ፣ ተበቀሉኝ አልኩ።

አንኳኳሁ ብል ውሸት ነው፤ በሩን ደበደብኩት።

"እትዬ ጫልቱ! ዋይፋዩን ለምን ቆረጡብኝ?"

"ምኑን?" አሉ፣ አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ፣ በሌላው ስልካቸውን ይዘው። ከስልኩ ውስጥ የሆነች ሴት በድራማ ታለቅሳለች።

"ዋይፋዩን ነዋ! በበርሜሉ ምክንያት ከሆነ በርሜሉ እዚያው ይሁን፣ ከፈለጉም ሳሎኔ ይግባ! ዛሬን ብቻ ይልቀቁልኝ!"

ስልካቸውን ፊቴ ላይ ደቀኑት። "ይኸው ድራማዬን እያየሁ ነው። ቆርጬ በምን አየዋለሁ?"

"ለእርስዎ እየሠራ ለእኔ ብቻ የሚቆረጥበት መንገድ አለ!"

"መንገዱን ባውቀው ኖሮ በርሜሌን የገፋሽ ቀን ነበር የምቆርጥብሽ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ይህን ስሰማ ልስቅ ዳዳኝ፤ ግን የምስቅበት ጊዜ አልነበረም። ነገሩን ስነግራቸው፣ አባዬ ቅዳሜ ሊሄድ እንደሚችል ስነግራቸው፣ ድራማውን ዘጉት። "ያ ዋቃዮ! ጋሽ በላቸውን? የት አባታቸው ነው የሚወስዷቸው?" ብለው እኔን ቀድመው ወደ ሳጥኑ ሄዱ። ገመዱን ነቀሉ፣ ጠበቅን፣ መልሰው ሰኩት። መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ። ስልኬ ሠራ፤ እንዲያውም ጥሩ አድርጎ ሠራ። ከዚያ እትዬ ጫልቱ ተከትለውኝ እኔ ቤት ገቡ። አባዬ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ከበሩ ስንገባ ቀና ብሎ አየን።

ላፕቶፑን ሳሎን አውጥቼ ሞከርኩት፦ መገናኘት አልተቻለም።

የቀረኝ አንድ ዘዴ ነበር። የቤቱን ዋይፋይ ትቼ የስልኬን ዳታ ለላፕቶፑ አጋራሁት። ያም ተገናኘ፤ ፕሮግራሙም ያችኑ መስመር ደገመልኝ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። በሁለት በተለያየ መስመር ሞክሬ ሁለቱም እምቢ ካለ ጥፋቱ የዋይፋዩ አይደለም። ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ዋይፋይ ቢሆን ከሰው ጋር ተጣልቼም ቢሆን አስተካክለዋለሁ፤ ላፕቶፑ ውስጥ ከሆነ ግን ከማን ጋር ልጣላ?

"እትዬ ጫልቱ፣ ይቅርታ፤ ያለ ጥፋትዎ ነው የጮኽኩብዎት።"

"በርሜሉ ግን ሳሎንሽ ይገባል፤ ብለሻል።"

በዚህ መሐል ግርማ ደወለ። እጄ ስለተያዘ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"እንዴት ሆነ? ጀመርሽ?"

"ላፕቶፑ አልገናኝም አለ።"

"ቫይረስ ይሆናላ። ለሚሠራ ሰው ሰጥተሽ ፎርማት አስደርጊው።"

"ግርማ፣ ፈተናው አሁን ሊጀምር ነው!"

በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "እንግዲህ ካልሆነም አይሁን ሰኒዬ። ምን ታደርጊዋለሽ? አንቺም ከዚህ በላይ መሰቃየት የለብሽም። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፣ ልብሱን ብቻ አዘጋጂለት" አለኝ።

ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። አባዬ ይሰማል። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ሰናይት፣ ውሃ ላምጣልሽ?" አለኝ። አልፈልግም አልኩት። ስልኩን ዘጋሁት፤ ስለ ልብስ የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

ኢንተርኔት የምከፍትበትን ገጽ ሞከርኩ። ትልቅ የማስጠንቀቂያ ምልክትና ከሥሩ እንግሊዝኛ የበዛበት ጽሑፍ መጣ። ዘጋሁት። ሌላ ድረ ገጽ ከፈትኩ። ያው ማስጠንቀቂያ። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ እትዬ ጫልቱ ክንዴን ያዙኝ።

"ቆይ እስቲ! ምን ይላል?"

"ምንም አይልም፣ እትዬ። አይሠራም ነው የሚለው።"

"ለአይሠራም ይሄን ሁሉ ይጽፋል? አንቺ አይደለሽ እንዴ አስተርጓሚዋ? በይ አስተርጉሚልኝ!"

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ግን አስተርጉሚ ስባል አፌ በራሱ ይሄዳል። ልማድ ነው። እያነበብኩ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። "ከዚህ ድረ ገጽ ጋር በደህና መገናኘት አልተቻለም፤ ምክንያቱም የኮምፒውተርዎ ቀንና ሰዓት የተሳሳተ ነው። ሰዓትዎ ወደኋላ የቀረ ይመስላል..."

"ውሸቱን ነው!" አለ አባዬ ከሶፋው።

ሁለታችንም ዞርን።

"ሰዓቱ አልቀረም። ጠዋት ራሴ አስተካክዬዋለሁ" አለ፣ የእጅ ሰዓቱን እያየ። "ደቂቃ እንኳ አይዛነፍም።"

ቀስ ብዬ የላፕቶፑን ጥግ አየሁ። ሰዓቱ ከአባዬ የእጅ ሰዓት ጋር አንድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። ወሩ ዘጠኝ ይላል፤ ግንቦት ዘጠነኛ ወር አይደል? ዓመተ ምሕረቱም የእኛው ነው። ላፕቶፔ ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ተቀምጧል!

ሰዓት የማየው ሁልጊዜ በስልኬ ስለሆነ፣ የዋይፋዩን ምልክት እያየሁ እንኳ አጠገቡ ያለውን ሰዓት ልብ አላልኩትም። በኋላ የገባኝን እዚህ ላይ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ እንደ መታወቂያ ያለ ነገር አለው፤ መታወቂያው ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል ተብሎ የተሰጠ ነው። ላፕቶፔ ያለው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። መታወቂያውን ሲያይ "ይሄማ ገና ያልወጣ ነው፣ ሐሰተኛ ነው" ብሎ በሩን ይዘጋል። የፈተናው ፕሮግራም ግን ይህን ሁሉ አያብራራም፤ አልተገናኘሁም ብቻ ይላል። ምስኪን ዋይፋይ፣ ምስኪን እትዬ ጫልቱ!

"አባዬ፣ ነካክተኸዋል?"

"መነካካት አይደለም፤ ማስተካከል ነው። ስድስት ሰዓት ቀድሞ ነበር እኮ! ወሩም ተሳስቷል። ዓመቱማ አይወራም፣ ስምንት ዓመት ቀድሞ ሮጧል። በራሱ እየተመለሰ ሲያስቸግረኝ እንዳይመለስም ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ሰዓት በእኛ ፋብሪካ ቢገኝ..."

አፌን ከፈትኩ። የምናገረው ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። እትዬ ጫልቱ ጎኔን በክርናቸው ጎሸሙኝ።

"በኋላ ትጮኺያለሽ! አሁን ወደ ፈተናሽ!"

አፌን ዘጋሁ። "ቆይ አባዬ፣ በኋላ እንነጋገራለን" አልኩና ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ቁልፍ መልሼ ከፈትኩት። ቁጥሮቹ ዓይኔ እያየ ተለዋወጡ። ፕሮግራሙን ነካሁት። ዞረ... ዞረ... አንዲት ሴት ፈገግ ብላ ብቅ አለች። "ሰናይት? በሰዓትሽ ነው የተገኘሽው" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ላፕቶፑን እንደያዝኩ መኝታ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ሜዳ ነው። ሐኪሙን የሚሆነው ሰው ረጅም ረጅም እየተናገረ ሊያጠምደኝ ሞከረ፤ አልተጠመድኩም። ታካሚዋን የምትሆነው "ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ልቤንም ያጥወለውለኛል" ስትል በእንግሊዝኛ ሐኪም በሚገባው መንገድ አስቀመጥኩለት። ከልብ የመነጨ ቁጣ ለአስተርጓሚ እንዲህ እንደሚጠቅም የዚያን ቀን አወቅኩ። ስጨርስ ሴትየዋ አመሰገነችኝ፤ ውጤቱን በሌላ ቀን እናሳውቅሻለን ብላ ጠፋች።

ተነስቼ ሸሚዜን አስተካከልኩ። አሁን ተራው የአባዬ ነው! "ያልታዘዝከውን" ብዬ ልጀምር አስቤ በሩን ከፈትኩት።

አባዬ ኮቱን ለብሷል። ሳሎን መሐል ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ባርኔጣው ጭኑ ላይ። እግሩ ሥር ሻንጣው አለ፤ ተዘግቷል፣ ታስሯል። እትዬ ጫልቱ ግድግዳውን ተደግፈው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። "አይሆንም ብላቸው እምቢ አሉኝ" አሉ።

"አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ለግርማ ደወልኩለት። ቅዳሜን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ና አልኩት።"

"ለምን?"

"ልጄ፣ ሰው ጥቅሙ ሲያልቅ ቢያንስ ጉዳት እንዳይሆን ማወቅ አለበት።" ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ይኼ ነው የገደለኝ። "ስምንት ሰዓት አልሽኝ። ማሽኑን ባየው ሌላ ነገር ይላል። ይሄ ነገር ልጄን ሊያስረፍድብኝ ነው አልኩ። ከማን ልጠይቅ? ጠዋቱን ሙሉ ታገልኩት። እዚህ ቤት ከገባሁ አንቺ ነሽ የምታደርጊልኝ፤ እኔም ይቺን እንኳ ላድርግላት ብዬ ነው።"

የተሰለፈው ቁጣዬ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። እግሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔ፣ በሰው ፊት አልቅሼ የማላውቀው! በራሴም ተናደድኩ፣ በግርማም ተናደድኩ፣ አባቴን በአንድ ፈተና ላይ ሰቅለን በተስማማነው ስምምነትም ተናደድኩ። እሱ እኮ ይሰማ ነበር። "ካለፈች ትቀራለህ፣ ካላለፈች ትሄዳለህ" ስንል ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ ማናችንም አንተስ ምን ትላለህ አላልነውም።

ዓይኔን ጠርጌ ስልኬን አነሳሁ።

"መንገድ ላይ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው" አለ ግርማ። "አባዬ ምን ሆኖ ነው?"

"ተመለስ።"

"አለፍሽ እንዴ?"

"አላውቅም። ውጤቱ ገና ነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ የሚባል ነገር የለም። ባልፍም ባላልፍም አባዬ የትም አይሄድም። ካላለፍኩ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፣ ካጣሁም አንተና እኔ ተጋግዘን አብሮት የሚውል ሰው እንቀጥራለን። እስከዚያው እትዬ ጫልቱ አሉ።"

"አለሁ!" ብለው ጮኹ እትዬ ጫልቱ ከግድግዳው ሥር።

"አባዬን ስጪኝ" አለ ግርማ። ሰጠሁት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ አባዬ "እህ... እህ... እሺ ልጄ... አይ፣ እዚህ ይሻለኛል" ሲል ብቻ ነው የሰማሁት። እዚህ ይሻለኛል! ያን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስልኩን መለሰልኝ። ኮቱን አወለቀ፣ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እትዬ ጫልቱን አየ፣ እኔን አየ። "ምሳ የለም እንዴ ዛሬ? ርቦኛል" አለ። ቤቴ ከገባ ጀምሮ ሳላቀርብለት ምግብ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ሽሮውን ላሞቅ ሮጥኩ።

ከቀናት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ አለፍኩ። መቼም እንደማልፍ ታውቃላችሁ፤ ከመጀመሪያው ነግሬያችኋለሁ። ዛሬ የምሠራው ከዚያችው መኝታ ክፍል ነው፤ ስወጣ አባዬን ሳሎን አገኘዋለሁ። በርሜሉም ሳሎኔ ገብቷል፤ እትዬ ጫልቱ ቃል አይረሱም። ነገር ግን ውድ አንባቢዎቼ፣ ስለዚያ ሐሙስ ስጠየቅ የማወራው ስለ ሥራው አይደለም። ወንድሜን ስልክ ላይ ያነጋገርኩት ውጤቴን ሳላውቅ ነው፤ አዲሱ ሥራ በእጄ የለም፣ ዋስትና የለኝም፣ ግን ወሰንኩ። ከዚያ በፊት ውሳኔው የግርማ፣ የድርጅቱ፣ የኢንተርኔቱ ይመስለኝ ነበር። ለካ የእኔ ነበር! ከእናንተም መሐል "እንትን ከተሳካልኝ እናቴን አመጣታለሁ፣ እንዲህ ከሆነልኝ አባቴን እይዘዋለሁ" እያለ የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ። መጀመሪያ "አትሄድም" በሏቸው፤ ሌላውን ስትሮጡ ትደርሱበታላችሁ። እነሱ ስታወሩ ይሰማሉ፤ አልሰማንም የሚሉት ለእናንተ ብለው ነው።

በቀደም የእትዬ ጫልቱ የመጨረሻ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ሊሄድ ሻንጣ ሲያፈላልጉ ነበር። አባዬ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ክፍሉ ገባ። ሻንጣውን እየጎተተ ወጣና ሰጣቸው። "ይውሰዱት" አላቸው፤ "እኔ ከእንግዲህ የምሄድበት የለኝም።"